አሥሩም ደንበኞች ናቸው

ዛሬ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን ይህን የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ ለጸሐፊው የነገረው፣ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ፣ የሟቿ ታናሽ ወንድም ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ጸሐፊው ከእኅቱ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ያስተማረ ጡረተኛ መምህር ሆኖ ከልጅነቱ ስለሚያውቀው፣ አንቱ ባይለው እንደማይቀየም ተስፋ ያደርጋል።

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ምናልባት» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት ውድ እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት፣ ፊደል ያስቆጠሩትና አፍንጫውን የጠረጉለት እሳቸው ናቸው። በትምህርታቸው ሁልጊዜ አንደኛ ይወጡ ነበር፤ ሁልጊዜ ማለትም ልክ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥተዋል፤ ጸሐፊው ይህን ሳያርም ቢያልፍ፣ ከፊታችን ካረፉበት ሆነው የሚቆጡት ይመስለዋል።

በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አጥንተው ከተመረቁ በኋላ ለሠላሳ ዓመት፣ እሳቸው እንደሚወዱት ለመናገር ለሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ሒሳብ አስተማሩ። ፈተና የሚያርሙበት ክፍል መብራት ተበላሽቶ ሊጠግኑ የመጡትን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም በተለያየ ሰበብ መመላለስ ስላበዙ፣ «ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም» ብለው አገቧቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆችንም አፈሩ።

ጡረታ በወጡበት ጊዜ ወንድማቸው የኳስ ውርርድ ጠምዶ ይዞት፣ ከፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበሮች አንዱን ሸጦ ነበርና፣ ፕሮባብሊቲ የሚባለውን የዕድል ስሌት የሚማርበት ነገር ከኢንተርኔት ሊፈልጉለት ተነሡ። ያገኙት ሁሉ ግን አንጀታቸውን አሳረረው፤ አንዱ መምህር አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሲደርስ «ይህ ግልጽ ነው» ብሎ ይዘላል፣ ሌላው ገጽ ከመሐል አቋርጦ ተመዝገቡ ይላል፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይከፈትም። «ግልጽማ ቢሆን እዚህ ምን ጎለተኝ!» እያሉ ስልኩን ሶፋው ላይ ሲወረውሩ ከርመው፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ትምህርት ቀርጸው መጫን ጀመሩ። ባለቤታቸው መብራት አበጁላቸው፤ እሳቸውም ስልኩን በስኳር ቆርቆሮ አስደግፈው ያስተምራሉ፤ ጎረቤት ምስማር መምታት ሲጀምር በረጅሙ ተንፍሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ።

የማያውቋቸው ተማሪዎች ብዛት ያስደንቅ ነበር። ምሳሌው ሁሉ ስለ ፀጉር ቤት በመሆኑ ግን «እትዬ፣ ከፀጉር ሌላ ሥራ የለም እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ሳንቲም ያለፈውን ውርወራ እንደማያስታውስ በስንት ድካም አስረድተው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ቅዳሜ ማን ያሸንፋል?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ከዚህ ሁሉ የባሰው፣ ያ ሁሉ ፀጉር ቤት የተደረደረለት ወንድማቸው አንዱንም አለማየቱ ነበር። ሲጠይቁት «አየሁት እኮ እትዬ፣ አሪፍ ነው» ይላቸዋል፤ ለደንበኞቹም ሁሉ እንዲያዩት ይመክራል።

ከዚያ ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ከመቶ ዘጠናውን እንደሚያድን ሲነግራቸው «በስንት ሕመምተኛ ላይ ታይቶ?» ብለው ጠየቁ፤ ወንድማቸው ግን «ዘጠና ካለ አለቀ እትዬ! እኔ በስድሳም አስይዤ አውቃለሁ» አለ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «እባክህ፣ ሦስተኛውን ትምህርት እይ» አሉት። ከቀዶ ሕክምናው ሳይነቁ አረፉ፤ ወንድማቸውም በኮሪደሩ ሐኪሙን ተጋፍጦ «ዘጠና ብለኸን አልነበር!» እያለ ሲጮኽ፣ ባለቤታቸው አቅፈው አወጡት።

ትናንት ጸሐፊው ስለ ልጅነታቸው ሊጠይቀው ወደ ፀጉር ቤቱ ቢሄድ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ስልኩን በመስተዋቱ አስደግፎ፣ በቀረችው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። የእኅቱ ድምፅ እንዲህ ይላል፤ «መቶ ሰው የሚስተናገድበት ፀጉር ቤት አለ እንበል። ዘጠናው ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። አሥሩስ? አሥሩም ደንበኞች ናቸው፤ ስም አላቸው፣ ቤተሰብ አላቸው፤ ማን ከየትኛው እንደሚሆን ሲገባ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ገባህ? ካልገባህ ወደ ኋላ መልሰው።» እሱም መለሰው። ደጋግሞ ከሰማው በኋላ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ፣ ከቀብሩ መልስ ሐኪሙን ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነገረን፤ ነገረኝ ለማለት ነው፣ ከጸሐፊው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። የውርርዱንም ነገር ከስልኩ ላይ ጸሐፊው እያየው አጠፋው።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ቁጥራቸውን በትክክል የማናውቃቸውንም ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። ለደካማ ተማሪ ያልሰለቸችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በማይሰለች ምሕረቱ ይቀበላት፤ ለእኛም ትዕግሥታቸውን ያድለን።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያው ፀጉር ቤት፣ ወንድማቸው አራተኛውን ትምህርት በከፈተበት ሰዓት ነው፤ መርዶውን ያልሰማ አንድ ደንበኛ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ክፍት ነው?» ቢለው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ቆየኝ ወንድሜ፣ እኅቴ እያስረዳችኝ ነው» አለው።