ወደ አዘዞ ብቻ የሚነዳው መኪና

ከሰሞኑ ለቤተሰብ ከሚበቁ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱን ልንመርጥ ነበር። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፤ ደባርቅ የምትኖረውን እናቴን ለሕክምና ጎንደር ሲያመላልስ ዳገት ላይ እንዳይቆምብን። የመጀመሪያው ሻጭ ከጎንደር ፒያሳ አስነስቶ ወደ አዘዞ ይዞን ወረደ። ቻርጁ ምንም ያህል አልቀነሰም፤ ባለቤቴም «ሸጋ ነው» አለ። እኔ ግን መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን አልዘነጋሁም። «በዚሁ መኪና እንመለስ» ስለው ሻጩ፣ «እትዬ፣ እሱ እዚሁ ይታጠባል፤ እናንተን በባጃጅ እሸኛችኋለሁ» አለኝ። ባጃጁ ውስጥ ባለቤቴ «ምነው፣ ሰው ማመን እንዲህ ከበደሽ?» እያለ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ሁለተኛውን ሻጭ በደባርቅ መንገድ ያለውን የኮሶዬን ዳገት እንድንወጣ ጠየቅሁት። «ዳገቱ ቻርጅ ይበላል፤ ከወዲሁ ይወቁት» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። ቅንነቱን ራሱ ስለ ጠረጠርሁ፣ ባለቤቴ ሲነዳ እኔ ዓይኔን ከቻርጁ ላይ ሳልነቅል ወጣን። እውነትም በላ፤ ነገር ግን ደባርቅ የሚያደርስ ተርፎት ነበር።

አመሻሹ ላይ የመጀመሪያው ሻጭ ደውሎ «እትዬ፣ ወሰኑ?» አለኝ። «መኪናው ታጥቦ ሲያልቅ ይደውሉልኝ፤ አዘዞ መጥቼ አብረን ወደ ፒያሳ እንወጣለን» አልሁት። እስካሁን እየታጠበ መሆን አለበት።