የሚራገም አባት ጠፋ

— ሄሎ… ሄሎ፣ ሲራጅ? ወዓለይኩሙ ሰላም። ፊርደውስ ነኝ፣ ማን ይሁን ታዲያ? ትሰማኛለህ? ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ… አሁንስ? እህ።

— ከሚሴ ነኛ፣ የት ልሆን ነው! ተዋናይ ምረጪ ብለህ አዳራሽ ውስጥ ከተኸኝ የለ? …የባጃጅ ጡሩንባ ነው። እኔ አይደለሁም የምጮኸው፣ መንገዱ ነው።

— አባቱ? እሱን ልነግርህ ነው። ስማኝ፣ አባት አልጠፋም። ከሚሴ አባት ሞልቷታል። ሽበት ያለው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራ የያዘ፣ ያልከኝ ዓይነት በሙሉ ተሰልፎልኛል። የጠፋው የሚራገም አባት ነው።

— የሚ-ራ-ገም! የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ? ልጅቷ ዘፋኝ ልሁን ብላ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አባቷ በር ላይ ቆሞ «መንገድሽ እሾህ ይሁን፣ የሄድሽበት አይቅናሽ» ይላል። ይላል ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ናና አስብላቸው!

— ምን ይላሉ? የመጀመሪያው ሰውዬ ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ እኔ ራሴ ፈራሁ… «መንገድሽ… ጨርቅ ይሁን! የሄድሽበት ይቅናሽ!» …አትሳቅ! ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛው ጭራሽ «ጧሪ ቀባሪ ይስጥሽ» ጨመሩበት።

— ብያቸዋለሁ እኮ! «አባባ፣ የተጻፈው እንደሱ አይደለም» ስላቸው፣ «የጻፈው ሰው ልጅ አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «እኮ» ብለው ተቀመጡ።

— አንድ ተገኝቶ ነበር። ሙሀመድኑር ይባላል፣ የሰንበቴ ገበያ ከብት ደላላ። …ድምፁ? በሬ ያስደነብራል! ልጅቷን ሆና የምታነብለት ረዳቴ ነጅዋ ናት። እንዴት አድርጎ ረገማት መሰለህ፣ አንጀት ይበጥሳል። «ይኸው አገኘሁ!» ብዬ ልዘል ስል፣ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ በሙሉ እጁን ዘርግቶ… «አሚን!»

— አሚን አለዋ! ለምዶበት ነው። እዚህ አገር ሽማግሌ ቆሞ ድምፁን ከፍ ካደረገ አሚን ነው፣ ምን እንዳለ በኋላ ነው የሚጣራው። ነጅዋ ራሷን ይዛ ጮኸች። ኒካዋ ደርሷል፣ ልትዳር ነው፣ አሁን እሾህ ምን ያደርግላታል? ሙሀመድኑር ራሱ ደንግጦ «አፉ በይኝ ልጄ» እያለ እግሯ ላይ ወደቀ። ከዛማ ኦዲሽኑ ቀረና የእርግማን ማንሻ ዱዓ ተያዘ። ጫቱ መጣ፣ እጁ ተዘረጋ፣ እኔም መቅረጹን ረስቼ አሚን ስል ዋልኩ። ለካ ስልኬ እየቀረጸ ነበር፣ ባትሪዬን ዱዓው ሊጨርሰው ምንም አልቀረው።

— ከአዲስ አበባ ተዋናይ? ማንን? …አይሆንም! ያ ሰውዬ «አብሽሪ» ብሎ ሲያጽናና ኪኒን የሚያዝልህ ነው የሚመስለው። ጨፋ ሮቢት ላይ ብታሳየው ገበያተኛው በሳቅ ይሞታል። አሳዛኝ ፊልም ነው አላልክም?

— ምን አልክ? «ትወና ያቃታት ሰው…» ድገመው እስቲ! ወላሂ አፍ አለህ። ዲግሪዬን ተሸክሜ ስዞር የመጀመሪያ ሚናዬን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ? ምን ሆኜ? ሬሳ! …አዎ፣ አስነጠሰኝ! ከፈኑ አቧራ ነበረዋ! ግን ያን ቀን ማን አተረፈህ? ሚኒባሱ ውስጥ የተጋደመውን ሾፌር አይቼ «ይሄ ከእኔ የተሻለ ሬሳ ነው» ያልኩህ እኔ አይደለሁ? ሰውዬው ቀረጻው እስኪያልቅ አልነቃም። እንጀራዬ የተገኘው እዛ ላይ ነው። እኔ መሆን ቢያቅተኝም የሚሆነውን ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ አገኘሁ ስልህ እመነኝ።

— አዎ፣ አግኝቻለሁ! …ከስክሪፕቱ ወጣ እንጂ። …ልነግርህ አይደል፣ ምን ያቻኩልሃል?

— ነጅዋ አኩርፋ ስለወጣች የልጅቷን ቦታ እኔ ያዝኩ። የራሴን ሻንጣ አንስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። በዚህ መሐል አባቴ ምሳ ይዞልኝ ገባ። …የራሴ አባት፣ የወለደኝ። ሰዉ «ልጅህ አይደለች እንዴ፣ በል አንተ ርገማት!» እያለ ገፋፋው። ለጨዋታ ነው። እሱም ሳህኑን አስቀምጦ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ሻንጣውን አየ። እኔን አየ። አፉን ከፈተ… ዘጋው። ምራቁን ሲውጥ አየሁት ሲራጅ። ከዛ «ቻርጀሪ ኬ ቀበቴ?» አለኝ።

— ኦሮምኛ ነው። ቻርጀርሽን ይዘሻል ወይ ማለት ነው።

— አልተሳሳተም! …አንተ አታውቅም። ትያትር ልማር ብዬ ከቤት የወጣሁ ዕለት አባቴ ያችን ብቻ ነው የተናገረው። አልመረቀኝ፣ አልረገመኝ። ቻርጀርሽን ይዘሻል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ለዓመታት ቅር ብሎኝ ኖርኩ፣ ናቀኝ ብዬ። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ምን አለኝ መሰለህ… «ያኔ እርግማኑ ምላሴ ላይ ነበር። እሱ እንዳይወጣ ብዬ ቻርጀሩን አመጣሁ።»

— አለቀስኩ እንጂ ምን ላደርግ! …ሰዉማ ምን ይላል፣ «አሚን!» አለ። ወላሂ፣ ለቻርጀር አሚን አሉ!

— አባዬ፣ አንተ ብላ፣ እኔን አትጠብቀኝ… ሲራጅ ነው፣ አለቃዬ… ሲራጅ፣ «ይሄ ነው ልጅ የሌለው?» ይልሃል።

— እንዴት ፊልም የለም? …ርዕሱ «እርግማኑ» ከሆነ ቀይረዋ! …ፖስተር ታተመ እንግዲህ፣ ምን ላድርግልህ? …አይ ሲራጅ። አባቴን አላስራግመውም። ያን ቀን ለእኔ ብሎ የዋጠውን ዛሬ ለካሜራ ትፋው አልለውም። ሌላ አባት አስገባለሁ ካልክ፣ ሌላ መራጭም ፈልግ። …የምሬን ነው። ሥራዬን እንደምወደው ታውቃለህ፣ ቢሆንም የምሬን ነው። …ቴሌግራምህን ክፈት፣ አባቴ ሲናገር የተቀረጸውን ልኬልሃለሁ። እየው። አልዘጋም፣ እጠብቃለሁ።

— …ሲራጅ? ኔትወርክ ነው? …አየኸው? …ድምፅህ ምን ሆነ? …ጉንፋን! እሺ፣ ጉንፋን ይሁንልህ።

— አባዬ፣ ለፊልሙ ወሰዱህ! እርግማን የለም፣ ቻርጀር ብቻ! …ምን? …እንዴ፣ አባዬ!

— ሲራጅ፣ ሌላ ጣጣ መጣ። ከሌላ ሴት ጋር አልሠራም ይላል። «የሰው ልጅ ሻንጣ ብታነሳ ለእኔ ምኔ ናት?» ይላል።

— እኔ ልጅቷን ልሁን? አትቀልድ! …የምርህን ነው? ፊርደውስን? ሬሳ መሆን ያቃታትን? …አለሁ። አለሁ፣ አልተቋረጠም። …ይሄን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቅኩት አንተ አታውቅም። …ቢሆንም እኔ አላዳላም። ፊርደውስም ነገ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋ ትፈተን። ካስነጠሳት ትባረራለች!

— ስማ፣ ስልኬ ሊሞት ነው፣ ቀይ አሳይቷል… ነገ ጠዋት እኔ እደ… አይ፣ አልያዝኩም፣ ቤት ረስቼው መጣሁ… አባዬ? ምንድን ነው ከኪስህ የምታወጣው? …ያ ረቢ! አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ቻርጀሬን በኪስህ —