ኖራው የነበረበት ቦታ

ይህን ለባሌም ነግሬው አላውቅም። በደርግ ጊዜ ኮኪት አጠገብ አስተማሪ ነበርኩ። የመንግሥት እርሻው መግቢያ ላይ ትራክተር እንዲያልፍ፣ ከብት ግን እንዳይገባ፣ ጉድጓድ ቆፍረው በላዩ የብረት ቧንቧ አራርቀው ደርድረው ነበር። የጎረቤቴ የሼህ ኢድሪስ ላም ማሽላው አጓጉቷት ስትሻገር እግሯ በቧንቧዎቹ መሃል ገብቶ ተሰበረና ታረደች። «አንዲት ቀርታኛለች፤ እሷም ከሄደች አለቀልኝ» አሉኝ። የእርሻውን ኃላፊ እንዳልናገር ዓይነ አፋር ነኝ። ጎህ ሲቀድ ተደብቄ፣ የኳስ ሜዳ በምናሰምርበት ኖራ የቀረችው ላም ገና ጉድጓዱ ሳትደርስ ፈርታ እንድትመለስ፣ ከፊቱ ቧንቧ የሚመስሉ ነጫጭ መስመሮች አሰመርኩ። ላሚቱ መጥታ አሸተተችና ተመለሰች። «ቢስሚላህ! ይሄ የሰው ሥራ አይደለም» አሉ ሼህ ኢድሪስ። እኔ ኖራ የነካ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኩ።

ብዙ ሳይቆይ ዝናብ ኖራውን ጠራርጎ ወሰደው። ላሚቱ ግን መስመሩ ከነበረበት ስትደርስ ባዶው መሬት ፊት ቀጥ አለች። ለምዳው ነው አልኩ። ግን ሼህ ኢድሪስ ገና ትናንት ከሸሕዲ ገበያ የገዟት፣ ኖራውን አይታው የማታውቅ ጊደርም አጠገቧ ቆማ፣ ጆሮዋን ቀስራ መሬቱን ታያለች። «የኔ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምንድን ነው የሚያዩት?» አሉኝ። «እኔ እንጃ» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ኖራው የነበረበት ስደርስ እግሬ አልነሳ አለኝ። ሰው አለመኖሩን አይቼ በቁጥቋጦው ዞሬ ሄድኩ።