ጎሮ ሰላም ናት

ከኦሎምፒያ ወደ ጎሮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት፣ ሌላዋ ክንዳቸው በፋሻ የታሰረ ጠና ያሉ ሴት። ወሬ ጀምረዋል።

«ፖሊሶች ወንጀልን በኮምፒውተር እንዲተነትኑ እናግዛለን» አላቸው ልጁ። «ወንጀል የበዛበት ሰፈር ካርታው ላይ ቀይ ይሆናል። ፖሊሱም እዚያ ይላካል።»

«ጎበዝ! የት የት ነው ቀይ?»

«ሩዋንዳ ሰፈር ለምሳሌ። ፖሊስ ስለጨመርን አሁን ድብድቡ ቀንሷል።»

«የኛ ጎሮስ?»

«ጎሮ ነጭ ናት እማማ። ሰላም ናት።»

«ታዲያ ክንዴን የወጋኝ ማነው? ሰላም ነው?»

ልጁ ደነገጠ። «ውይ! እግዜር ይማርዎት። የት ነው?»

«ከአዲሱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ። ቦርሳዬን አልሰጥም ብዬ።»

«ለፖሊስ አመለከቱ?»

«ደሜ እየፈሰሰ ጣቢያ ሄድኩ። ጥበቃው ‹ሁሉም ሩዋንዳ ተመድበዋል፤ ነገ ይመለሱ› አለኝ።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱም ሩዋንዳ ናቸው።»

«ካልተመዘገበ እኮ ሲስተሙ አያውቀውም።»

«ገባኝ። ሲስተሙ ፖሊሱን ወሰደብን፤ ፖሊስ ስለሌለ የሚመዘግበን የለም፤ የሚመዘግበን ስለሌለ ሰላም ነን። ጥሩ ተምረሃል፣ የኔ ልጅ።»

ልጁ ባጁን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። «ልክ ነዎት» አለ ቀስ ብሎ። «ስንወርድ አብረን ሄደን ላስመዝግብዎት።»

«ማን ጋ?» አሉት።

ጎሮ ስንደርስ ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውልቄ ደረቴ ላይ ታቀፍኩት።