ፊታቸው እንዳይሰነጠቅ

ወዳጅ ዘመድ ሁሉ፣ ዛሬ የምንሰናበታቸው እኅታችን እንዴት እንደኖሩ ባጭሩ ልንነግራችሁ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ጆሮአችሁን ስጡን።

እኅታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ለምርጊት ያቦኩትን ጭቃ እየሰረቁ የጎረቤቱን ሁሉ መልክ ያበጁበት ስለነበር፣ በቤት ውስጥ «ጭቃ ሹም» የሚል ማዕረግ ወጣላቸው፤ ማዕረጉም ሽረት ሳያገኘው እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ሥነ ጥበብ ለመማር ቢመኙም፣ የቤቱ አቅም ሆድ ይቅደም የሚል ነበርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ወርክሾፕ ተቀጥረው የመንጋጋ ቅርጽ በጀሶ ሲያወጡ ረጅም ዘመን አገለገሉ። የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ከስማቸው ይልቅ በጥርሳቸው ያውቋቸው ነበር፤ ሠርግ ቤት አንዱ ከት ብሎ ሲስቅ የእጃቸውን ሥራ ለይተው በልባቸው ይደሰታሉ እንጂ፣ የማንንም ምስጢር አንድ ቀን አውጥተው አያውቁም።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። ሰውየው የፊት ጥርስ ሊያስተክሉ መጥተው፣ ከተተከለላቸው በኋላም ላላብኝ፣ ጠበቀብኝ እያሉ ሲመላለሱ ነገሩ የጥርስ አለመሆኑ ለሁሉም ታወቀና በጋብቻ ተጠቃለለ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደውም ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ፣ የቀድሞው ምኞት አልለቅ ስላላቸው ሥራቸውን ትተው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የመረጡት ክፍል ቅርጻ ቅርጽንና በጊዜ ውስጥ እየተለወጠ የሚታይ ሥራን፣ ይኸውም ፊልምን፣ ድምፅንና ዐይናችን እያየ የሚቀልጥ የሚደርቀውን ነገር ሁሉ የሚያስተምር ነበር። አብረዋቸው የሚማሩት ወጣቶች በመጀመሪያው ቀን መምህር መስለዋቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተውላቸዋል። በቤትም አንድ ሕግ አወጡ፤ ያላለቀ የሸክላ ሥራ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ እርጥብ ጨርቅ እንዲያለብሰው። ሕጉን ከማንም በላይ ያከበሩት ጡረታ የወጡት ባለቤታቸው ነበሩ።

ለመመረቂያቸው የራሳቸውን ፊት፣ ከሽብሽቡ አንድም ሳያስቀሩ፣ በሸክላ ሠሩ። ሐሳባቸው ይህ ፊት ያለ ጨርቅ ተቀምጦ እንዲደርቅ፣ እንዲሰነጠቅና እንዲረግፍ፣ በየሰዓቱ ምስል የሚያነሣ ካሜራም ይህንኑ ተከታትሎ ፊልም እንዲወጣው ነበር። ሥራው በተጀመረ ሰሞን ሴት ልጃቸው ወልዳ አራሷን ለመንከባከብ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ፣ ለባለቤታቸው የሰጡት አደራ ካሜራውን እንዳይነኩ ብቻ ነበር። ሰውየው አደራ አይበሉምና ካሜራውን አልነኩም። ነገር ግን ፊቱን ያለ ጨርቅ ሲያዩት በጥድፊያ የተረሳ ስለመሰላቸው፣ ጠዋት ጠዋት እያረጠቡ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ይደፍኑት ጀመር።

እኅታችን ተመልሰው ፊልሙን ሲያዩት የረገፈ ነገር የለም፤ ያለው በየማለዳው የሚገባ ትልቅ እጅና እየጠፋ የሚሄድ ሽብሽብ ነበር። የስንት ዓመት ልፋቴን ውኃ በላው ብለው አለቀሱ፤ ሌላ ሠርቶ ለማድረቅ ጊዜ አልነበረምና ባለቤታቸውን ሳያናግሩ ውለው አደሩ። በማግስቱ ግን ፊልሙን ደግመው አዩት፤ እጁን ቆርጠው ማውጣት ሲችሉም እንዳለ ለፈተና አቀረቡት። ከፈታኞቹ አንዱ ይህ የማን እጅ ነው፣ ይረግፋል የተባለውስ ፊት የት አለ ብለው ሲጠይቁ፣ እኅታችን አፋቸውን ሳይከፍቱ ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ብድግ አሉና፣ «እኔ ነኝ። ፊቷ ሲሰነጠቅ ዝም ብዬ ልይ እንዴ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ፈታኞቹ ግን ፊልሙ ከመጀመሪያው እንዲታይላቸው ጠየቁ፤ እኅታችንም ተመረቁ።

ከምረቃው በኋላ ሸክላው ለሌላ ሥራ እንዲውል ያንን ፊት ራሳቸው ሰባብረው በርሜል ውስጥ ሲነክሩት፣ ባለቤታቸው አኩርፈው ምሳ አልበላም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ያሳለፏቸውን ዓመታት ግን እኅታችን ከዕድሜያቸው ሁሉ የጣፈጡ ይሏቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ፊታቸው ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሄደ። ዝም ብለው ማየት የማያውቁት ባለቤታቸው በዚህ ጊዜ የሚደፍኑት ስንጥቅ አላገኙም፤ ቢሆንም ወንበራቸውን ከአልጋው አጠገብ አላነሡም፣ እጃቸውንም ከእኅታችን ጉንጭ አላነሡም። እኅታችን ዐይናቸውን የከደኑት በዚያ እጅ ላይ ተደግፈው ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ በፊልሙ ሰሞን የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን፣ እኛን ወንድምና እኅቶቻቸውን፣ እጃቸው ጭቃ የነካ ብዙ ተማሪዎችንም ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያኑርልን፤ ለእርሳቸው ዕረፍትን ይስጥ፣ ለእነዚያ እጆች ግን ሥራ አያሳጣብን። አሜን።