ለጥያቄው የተሰጠ ጋቢ

ከመካኒሳ በተነሳው ታክሲ ውስጥ፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ የሆነ አንዲት እናት ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ከፊቴ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ጫማዎን ለምን አወለቁ?»

«የሰፈራችንን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት በውሃው ውስጥ ነው የምንሻገረው፣ ልጄ።»

«ለፓርላማ ተወካያችሁ አልነገራችሁም?»

«ነግረናል እንጂ! ፓርላማ ውስጥ ተነስተው ጠየቁልን። በቴሌቪዥን አይተን እልል አልን።»

«ምን ተመለሰላቸው?»

«‹ጥያቄው ተገቢ ነው› ተባሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እድራችን ጋቢ ገዝቶ አለበሳቸው።»

«ለጥያቄው?»

«ታዲያስ! ስንቱ እዚያ ገብቶ ሲያንቀላፋ ይውል የለ!»

«ሰፈር ድረስ መጡ?»

«ወንዙ ዳር ድረስ መጡ። ጫማቸው እንዳይበላሽ ብለው ከማዶ ቆሙ። እኛ ጋቢውን አናታችን ላይ አድርገን ተሻገርንላቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ውይ፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትሻገሩት!› ብለው በጣም አዘኑልን።»

«እና እማማ፣ ድልድዩስ?»

«አንተ ደግሞ ችኩል ነህ! ሰውየው እኮ ገና መጠየቃቸው ነው።»

«ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ መውረጃዬን አለፍኩት።