የማዶው ደወል

ወይዘሮ ሉሲንዳ፣ ፓስተር ዊሎክ፣ በዚህ የዘር ወቅት እርሻችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ ሁሉ፤ ኦቤድ ክሬንን ለመቅበር አብራችሁን ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እኔ ኢሻም ጌንስ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር አምስት ዓመት በአንድ ጀልባ ቀዝፌአለሁ። ንግግር አላውቅበትም። ዛሬ ግን ዝም ብል ያንቀኛል።

የማዶውን ደወል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሪያ በሚገዙበት በሚዙሪ በኩል፣ ግንድ ላይ የተሰቀለውን። መሻገር የፈለገ ይመታዋል፤ ኦቤድ ከዚህ ከካንሳስ ዳር ይሰማና ይቀዝፋል። ዝናብ ሲወርድ፣ ወንዙ ላይ በረዶ ሲንሳፈፍ። ደወሉ ተመታ፤ ኦቤድ ሄደ። ማን ነው ብሎ ጠይቆ ያውቃል? አያውቅም።

ጦርነቱ ባለፈው ወር ተጀመረ ይሉናል። በደቡብ አንድ ምሽግ ላይ መድፍ ተተኮሰና ያኔ ተጀመረ ይሉናል። እኔ አልቀበልም! ጦርነቱ የተጀመረው እዚህ ወንዝ ዳር፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። በዋሽንግተን ያሉት ክቡራን ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እኔ ሲከራከሩ ኖሩ። አንዱ ንብረት ነው አለ። አንዱ ሰው ነው አለ። ሌላው ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ ከዚህ መስመር በታች ንብረት፣ ከመስመሩ በላይ ሰው ይሁን አለ። ቆይተው መስመሩንም ፋቁትና፣ "ካንሳስ ባሪያ ይኑራት አይኑራት፣ ነዋሪዋ ይምረጥ" ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ነዋሪዋ! ማን እንደመረጠ ልንገራችሁ?

የምርጫው ዕለት ደወሉ ተመታ፤ ኦቤድ ሄደ። ማዶ ሲደርስ ጠመንጃና የውስኪ ገንቦ የተሸከመ መንጋ ጠበቀው። ከፊት የቆመው ታይሪ ሃርጌት ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የሃርጌትን ፈረስ ልጓም ይዤ። እኔም እንደ ፈረሱ የሱ ነበርኩ።

"በል አሻግረን ኦቤድ! ድምፅ ልንሰጥ ነው።"

"እርሻህ የት ነው ታይሪ?"

"ቤቴ ጠፋህ እንዴ? ስንቴ በልተህበታል! እዚሁ ነዋ።"

"እንግዲያው ድምፅህንም እዚሁ ስጣ።"

ሳቁ። ሳቁና ገፍተው ጭቃ ውስጥ ጣሉት። ጀልባውን ራሳቸው ቀዝፈው ተሻገሩ፤ መረጡላችሁ። ኦቤድ ማዶ ቁጭ እንዳለ የገዛ አገሩ ምርጫ አመለጠው። ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ቀና ሲል ፈረሱን ይዤ የቀረሁትን እኔን አየኝ። "ደወሉ እንዴት እንደሚመታ አይተሃል?" አለኝ።

በዓመቱ መታሁት። ጎህ ሲቀድ፣ ጭጋግ ውስጥ። እነሱ እንዳይሰሙ እየፈራሁ፣ እሱ እንዳይሰማኝ ደግሞ የባሰ እየፈራሁ። ደወሉ ተመታ፤ ኦቤድ መጣ። "ጌታዬ፣ ያሻግሩኝ" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

"ጌታህ እዚሁ ይቀራል" አለኝ። "እኔ ኦቤድ ነኝ። ተነስና ያንን መቅዘፊያ ያዝ፤ ወገቤን አሞኛል።"

ወይዘሮ ሉሲንዳ፣ ያን ዕለት ያበሉኝን የበቆሎ ቂጣ መቼም አልረሳውም። ደጋግመው ሲጨምሩልኝ ኦቤድ፣ "ተይ እንጂ፣ ይኼ ሰውዬ ጀልባዬን ሊያሰምጣት ነው" ብሎ ሳቀብኝ። በሕይወቴ ነጭ ሰው ስቆብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እህቴ ዲሲ ግን ሃርጌት ቤት ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ደወል በሰማሁ ቁጥር ዲሲ ናት እላለሁ። ኦቤድም ያውቅ ነበር። መቅዘፊያውን ሲያቀብለኝ "ምናልባት ዛሬ" ይለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ እህል ላስፈጭ ከተማ ሄጄ ነበር። ማለዳ ላይ ደወሉ ፈራ ተባ እያለ ተመታ። ልክ የሸሸ ሰው እንደሚመታው። ወይዘሮ ሉሲንዳ ለመኑት። "ዛሬ እንኳ ይቅርብህ፤ ጊዜው ክፉ ነው" አሉት።

"ዲሲ ብትሆንስ? ኢሻም ሲመለስ ምን እለዋለሁ?"

ደወሉ ተመታ፤ ኦቤድ ሄደ። ባዶ እጁን ሄደ።

እንደ ሸሸ ሰው መምታትን እነሃርጌትን ማን አስተማራቸው? ስንቱን ከዚያ ግንድ ሥር ይዘው ቢገርፉ ነው የለመዱት? ደረቱን በጥይት መቱት። ከዚያ ሃርጌት፣ እዚህ ቤት ማዕድ የቆረሰው ሃርጌት፣ ከማዶ ሆኖ ለኦቤድ ሚስት፣ ለወይዘሮ ሉሲንዳ ጮኸላቸው። "ጀልባችሁ ባዶ ናት! ሌላ ቀዛፊ ላኩልን!"

ሰማችሁ? ሌላ ቀዛፊ ላኩልን አለ።

ጠዋት አንዳንዶቻችሁ ወንዙ ከነአስከሬኑ ወደኛ ዳር የመለሳትን ጀልባ እናቃጥላት ስትሉ ሰምቻለሁ። ጀልባ ከሌለ አይደርሱብንም አላችሁ። ማዶ ቆመው ደወል የሚመቱትስ? ማን ይስማቸው? ፓስተር፣ እርስዎም በቀሉን ለጌታ እንተው ብለውናል። ይሁን። ግን ጌታ ወደ ሚዙሪ ለመሻገር ቀዛፊ ካስፈለገው፣ እኔ አለሁ።

ኦቤድን እንደ ልማዳችን እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርገን አጋድመነዋል፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሳ ፊቱ ወደ ፀሐይ እንዲሆን። ምሥራቃችን ሚዙሪ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የገዳዮቹን ደጅ ነው። እስከዚያ ይጠብቅ? እሱ ይጠብቅ ይሆናል። እኔ አልጠብቅም! የሃርጌት ጎተራ ጭስ ከዚህ መቃብር ሲታይ፣ ሃርጌት ራሱ ከዚያ ግንድ ጋር ታስሮ ደወሉን ሲያዳምጥ ካላየሁ...

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ደወሉ ነው።

ወጥመድ ነው ልትሉኝ ነው። ሊሆን ይችላል። ዲሲም ልትሆን ትችላለች። ዲሲ ከሆነች መቅዘፊያ ይዤላት እሄዳለሁ። ታይሪ ከሆነ፣ ኦቤድ ያልያዘለትን ይዤለት እሄዳለሁ። ቀዛፊ ላኩ ብሎ የለ? ጀልባዋ ቦታ አላት። የሚመጣ ይምጣ፤ የማይመጣ ጉድጓዱን ይሙላ። ወይዘሮ ሉሲንዳ፣ ያን ጠመንጃ ያቀብሉኝ።

ኦቤድ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ወገብህ ይረፍ። ደወሉ ተመታ፤ ኢሻም ሄደ።